ያለ ተራዬ የደረሰችኝ መኪና

ለእህቴ ልጅ ለኦዱሮ፣ ታኮራዲ ወደብ።

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ኩማሲ ያለነው፣ ተመስገን፣ ደኅና ነን።

የአጎቴን የነጻነት ዘመን ጥቁር መኪና ታውቃታለህ። እሱ ሲሞት ሽማግሌዎች ለታናሽ ወንድሜ ለቦአቴን ሰጧት፤ ቦአቴንም መኪናዋን በተረከበ በሰባተኛ ወሩ ሞተ። እንዲህ ሆኖ ያላሰብኳት መኪና ለእኔ ደረሰች። እንደሷ ያለች በከተማው የለችም፤ ወለሏን ግን ዝገት በልቶታል። ራሴ እየበየድኩ ይኸው ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ።

ትናንት መካኒኩ ባፊ ሞተሯን አስነሣና፣ "አባባ፣ ይግቡና አንድ ዙር ይንዷት እንጂ! ወይስ እርስዎም እንደ ሰፈሩ ሰው ፈሩ?" አለኝ።

"አንተ ብሎንህን እሰር! ወገቤን አሞኝ ነው" አልኩት። የሰፈር ወሬ እንደማልሰማ ታውቃለህ።

እናትህ "መኪናዋ ከወንድሜ ከአጌማን ቀጥሎ የኦዱሮ ናት" እያለች ለጎረቤት ታወራለች። በወጋችን እውነቷን ነው፤ የእህት ልጅ ይወርሳል። ቤቱንና የካካዎውን እርሻ ውሰድ። መኪናዋን ግን አልወርስም ብለህ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ፈርመህ ላክልኝ። ምክንያቱን አትጠይቀኝ። ወረቀቱ ከፋሲካ በፊት ይድረሰኝ፤ በፖስታ አትላከው፣ ይዘገያል፤ በሰው እጅ ላከው።

ጤና ይስጥህ፤ ከጤናም በላይ ዕድሜ ይስጥህ።

አጎትህ አጌማን