ዝም ያልኩባቸው ሁለት ዓመታት

ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ እሑድ ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም

ውድ ሲስተር ራጂያ፣

ሽንዲ እንዴት ተቀበለችዎ? ተዛውረው ሲሄዱ ሳልሰናበትዎ መቅረቴ አሁንም ይቆጨኛል። ወረቀቱ እንዲህ የረጠበው ቆርቆሯችን ስለሚያፈስ ነው እንጂ እያለቀስኩ እንዳይመስልዎ፤ እንዲያውም ሳቄ እያስቸገረኝ ነው የምጽፍልዎ። አቻምየለሽ ነኝ፣ የክንዱ ሚስት፤ እርስዎ "አፈኛዋ" እያሉ የሚስቁብኝ።

ያን ጊዜ፣ ከዘመቻ የተመለሱት ከነሚስቶቻቸው በሚቀመጡባት የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ለምን እንደመጣሁ እውነቱን አልነገርኩዎትም። ልታረቅ አልነበረም የመጣሁት። ሽማግሌዎቹ ንብረት ሊያካፍሉን ቀን ቆርጠው ነበር። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ሕይወት ናቸው "ከመፋታታችሁ በፊት ያችን የቡሬዋን ልጅ አነጋግሯት፤ የወታደር ቤት ታውቃለች አሉ" ብለው፣ እርስዎን ማለታቸው ነው፣ የለመኑኝ። አራት ሐሙስ ሄጄ፣ "ይኸው ሞከርኩ" ብዬ፣ አባቴ ቤት ልገባ ነበር ሐሳቤ።

አልወደውም ነበር ማለቴ አይደለም። ኧረ እንዴት አድርጌ! ግን ከዛላንበሳ የተመለሰው ክንዱ፣ የሸኘሁት ክንዱ አልነበረም። እንቅልፍ የለው፣ በር ሲንኳኳ ይበረግጋል፣ ሳቅ የሚባል ነገር ረሳ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ ቤቱን ጸጥ አሰኘሁት። አውራ ዶሮውን ለእህቴ ሰጠሁ። ሙቀጫዬን ተሸክሜ ጎረቤቴ ሀብትነሽ ቤት እየሄድኩ ወቀጥኩ። በእግሬ ጣት መሄድ ለመድኩ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እኔ፣ ድምፄ ገበያ ሙሉ የሚሰማው ሴትዮ፣ አፌን ዘጋሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ! እሱ በባሰበት ቁጥር እኔ ዝምታውን እጨምርለታለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም ብሎ ሳለ፣ እንዳልረብሸው ብዬ ኮቴዬን አጥፍቼ ስገባ፣ ዘሎ አንገቴን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። እኔ መሆኔን ሲያይ ለቀቀኝና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሽማግሌ የላክሁት በማግስቱ ነው።

ሦስተኛው ሐሙስ ትዝ ይልዎታል? "አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ፤ ሲጨርስ የሰማውን መልሶ ይንገረው" አሉን። ክንዱ መሬት መሬቱን እያየ ጀመረ።

"ምሽግ ውስጥ የሚያስፈራው ተኩሱ አልነበረም። ተኩሱ ካለ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። ጸጥ ሲል ነው የሚያስጨንቀው፤ ጸጥ ካለ አንድ ነገር ሊመጣ ነው። አሁን ቤቴ ጸጥ አለ። አቻም ድሮ እንዲያ ትለፈልፍ ነበር፤ እዚያ ሆኜ የናፈቀኝም እሱ ነበር። አሁን አታናግረኝም። ጠልታኛለች።"

"የሰማሽውን ንገሪው" አሉኝ። ምን ሆዴ ይቻለው!

"ዝም ያልኩትኮ ላንተ ብዬ ነው፣ አንተ ጅል!" ብዬ ጮህኩበት።

ያ ሁሉ ሰው ደነገጠ። የእርስዎም እስክሪብቶ ከእጅዎ ወደቀ። ክንዱ ግን ሳቀ። ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያማ ማን ያስቁመኝ! ገና ከአጥሩ ስደርስ "መጣሁ፣ እኔ ነኝ" እላለሁ። በርበሬ ልወቅጥ ስል አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጥተው ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ። አሁንም የሚከፋበት ቀን አለ፤ አልዋሽዎትም። ዘንድሮ ቡሄ ሲደርስ ጅራፉ ተኩስ ይመስላል ብለው የሰፈሩ ሰዎች ሊከለክሉለት ነበር። እሱ "ተዉት፣ ይጩህ" አለ። ክንዴን ጨብጦ ከሜዳው ዳር ቆመ። እኔ የጎረቤታችንን የዳኘውን ጉድ፣ በቅሎው ሙሽራውን ጥላ የሄደችበትን፣ ሳላቋርጥ አወራለታለሁ። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር ክንዴን ይጨምቀዋል። ላብ አጠመቀው፣ ግን አልሮጠም። ሲያበቃ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ታዲያ በቅሎዋ ተገኘች?"

ውይ፣ ሞት ይርሳኝ! ዋናውን ሳልነግርዎ። ይህን ደብዳቤ ጮክ ብዬ እያነበብኩለት ነው የምጽፈው። ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እሱ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ "እንዲያ አላልኩም" እያለ ሲያርመኝ ነበር። "አንተ ጅል" የምትለዋ ጋ ስደርስ መልስ ጠፋ። ዞር ብል ተኝቷል! ደብዳቤውን እንዲህ ያንዛዛሁት፣ ድምፄ ከተቋረጠ ይነቃል ብዬ ነው።

አሁን ዝናቡ አባራ። እኔም ይህችን መስመር ድምፄን ሳላወጣ ጻፍኳት። ቤቱ ጭር አለ። ትንፋሼን ይዤ አየሁት።

ሲስተር፣ አልነቃም። ገልበጥ ብሎ ማንኮራፋት ጀመረ።

ጥቅምት ላይ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሁለታችንም ሽንዲ ድረስ እንመጣለን። ጆሮዎን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ።

አፈኛዋ አቻምየለሽ