ነጩን የጎማ ዓሣ ውሰድ

ኑረዲን፣

ስቅለት ስለሆነ ለስግደት ሄጃለሁ፤ ማታ ነው የምመለሰው።

ለነገ ጀልባ ሬንት አድርጌልሃለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነጩን የጎማ ዓሣ መንጠቆው ላይ አድርግ፤ ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ዓሣ የሚወደው እሱን ነው። ክሩን ሰላሳ ሜትር ያህል ልቀቅና እየጎተትክ ጀልባውን ቀስ ብለህ ንዳ። ሰቨንቲ ዋን ሀይዌይ ላይ መኪናህን እንደምትነዳው አትንዳ።

ያንን ትልቁን አብረቅራቂ ማጥመጃ ግዛ ያልኩህ ተናድጄ ነበር። ምንም እንደማይዝ አውቅ ነበር።

ሁዳዴን ሙሉ እኔ ሳልቀምስ ዓሣ እያጠመድኩ አበላሁህ። አንተ ለእንግዳው ሁሉ «እኔ ነኝ የያዝኩት» ስትል፣ ምላስም ይፆማል ብዬ ዝም አልኩ።

ለፋሲካ እነዚያኑ እንግዶች ጠርቻቸዋለሁ። ነገ አንድ እንኳን ራስህ ያዝ።

እሁድ ምላሴም ፆም ይፈታል።

ፍቅረማርያም