ለእናታችን አስተርጓሚ ስንፈልግ

ለወንድሜ ለሳሊህ፣ ጅቡቲ ወደብ።

ለጤናህ እንደምን ነህ? የባሕሩ ሙቀት እንደምን ይዞሃል? ሥራህስ፣ ጉልበትህስ? እኛ አላህ ይመስገን በሕይወት አለን። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ብል እጄ እንቢ አለኝ፤ እናታችን ደህና አይደሉም። ናፍቆትህ የሁላችንንም ሆድ ይበላል፣ የእርሳቸው ግን ሌላ ሆነ።

ከመስከረም ወዲህ እህል በግድ ነው የሚቀምሱት። ባቡሩ ሲያፏጭ ወደ ጣቢያው ዞረው ይቀመጣሉ፤ ካለፈ በኋላ ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ምን ሆኑ ስንላቸው «ምንም» ይላሉ። ሼኩም ቁርአን ቀርተውባቸው ለውጥ የለም። በዚህ መካከል የሐሳብ በሽታ የሚያውቅ ፈረንጅ ሐኪም ጣቢያው አጠገብ አርፏል ሲሉ ሰማን፤ ከፈረንሳይኛ በቀር ግን አያውቅም። አዳማ ላይ ስለ ቆዳና ስለ ጨው የሚያስተረጉም ሞልቷል፤ ሰው በሆዱ የያዘውን የሚያስተረጉም ከየት ይምጣ? ሞጆ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። አንተ ብትኖር እያልሁ ተቆጣሁህም፣ አለቀስሁም።

በመጨረሻ የጣቢያውን አስተርጓሚ አቶ አብተውን ለመንሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋነቱ ነው የጎዳን። ሐኪሙ እንደምን ነዎት ሲላቸው እናታችን እንደ ወጉ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉ። እንቅልፍስ? «አላህ ይመስገን»። ምግብስ? «አላህ ይመስገን»። አብተውም ያንኑ ነገረው። እኔ አይበሉም እኮ ብዬ ብነግረው፣ እናትህን በባዕድ ፊት አላዋርድም አለኝ። ሐኪሙ ጤነኛ ናቸው ብሎ ሸኘን። በመንገድ ላይ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ቤት ስንደርስ ጠፋብኝ።

ኋላ ባለቤቴ ቶይባ፣ ኡሙሰልማ የምትባል ሴት አገኘች። ድሬዳዋ ፈረንጅ ቤት ልጅ ስታሳድግ ቋንቋውን የለመደች፣ የራሷን ልጆች የቀበረች ናት። ወደ ሐኪሙ ስንመለስ እርሱን ትንሽ ታገሥ ብላ፣ የእናታችንን እጅ ይዛ፣ ስለ ሞቱባት ልጆች ማውራት ጀመረች። ብዙ ቆይተው እርሳቸውም አፋቸውን ፈቱ። እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማሁ።

ሳሊህ፣ እናታችን ሞተሃል ብለው ነው የሚያምኑት። ዘመድ እስኪሰበሰብ መርዶህን ደብቀን የምናባብላቸው ይመስላቸዋል። መርዶ ከእናት እንዴት እንደሚደበቅ እርሳቸው ያውቁታል፤ የአጎታችንን ሞት ከአያታችን ደብቀው የከረሙት እርሳቸው ናቸው። ደብዳቤህን ሳነብላቸው ቃሉን አይሰሙም፣ ድምፄን ነው የሚመረምሩት። «አብዱልጀባር ራሱ እየጻፈ ያነብልኛል» አሏት። የላክህላቸውን ሻሽ አንድ ቀንም አላሰሩትም፤ የሟች ዕቃ አድርገው አስቀምጠውታል።

ሐኪሙ መድኃኒት አልሰጠንም። በኡሙሰልማ አፍ «ልጁን አምጡላቸው» ነው ያለን። ስለዚህ ለከርሞ አትበለኝ፤ ምስልህን ብትልክም የድሮ ነው ይላሉ። ብምልላቸው አያምኑኝም። ያንተን መምጣት የሚተካ ነገር ፈልጌ አጣሁ፣ ወንድሜ። እኔም ናፍቀኸኛል።

ቶይባ ሰላም ትልሃለች። ልጃችን ዙለይካ በባቡር የሚመጣ አጎት አለኝ እያለች ሰፈሩን አስቸግራለች። ጎረቤታችን ወዬሳ ደህንነትህን ይጠይቃል፤ ኡሙሰልማም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። እናታችንን ለሳሊህ ምን ልበልልዎ ብዬ ጠየቅኋቸው። ራሴን ዳበስ አደረጉና «አላህ ይዘንለት» አሉኝ።

ወንድምህ አብዱልጀባር
አዳማ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት