በስምህ ያነበብኩት ወረቀት

ለምወድህም ለምቀናብህም ወንድሜ፣

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለው ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ከእማዬ ዓይን በቀር ደህና ነን። እኔም ማንም ባይጠይቀኝ ደህና ነኝ።

እዚህ ሁሉም ያው ነው። መኪና የምታሻግረው ጀልባችን ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። እኔም ትኬት እየቆረጥኩ፣ ጎማቸው ስር ታኮ ሳያደርጉ የሚወርዱ ሾፌሮች ላይ ስጮህ እውላለሁ። ከደሴቷ መውጫው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ወር ጥገና ትገባለች።

የእማዬን ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። ማዶ ያለው ሐኪም ሞራው ቶሎ ካልተነሳ ዓይኗ ጨርሶ ይጠፋል ብሎ ለሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ቀጥሯታል። እሷ ግን ልጄ መጥቶ ካልወሰደኝ ንቅንቅ አልልም አለች። ልጄ የምትለው አንተን ነው። እኔ ምኗ እንደሆንኩ እንጃ።

ጀልባዋ ጥሩምባ በነፋች ቁጥር ግድግዳ እየዳበሰች ወደ ማረፊያው ትወርዳለች። ከጀልባዋ ላይ ቀድሜ የምወርደው እኔ ነኝ። ማን ወረደ ትላለች፤ እኔ ወረድኩ እላታለሁ። "አንቺማ ሁልጊዜ ትወርጃለሽ፤ ሌላ ማን አለ?" ትለኛለች። ወንድምዓለም፣ አልደብቅህም፣ ቅናት አንጀቴን አሳረረው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያጠብኳት፣ ያበሰልኩላት እኔ፤ በየመኪናው መስኮት የምትፈለገው አንተ።

ትናንት ትዕግስቴ አለቀ። ከቦርሳዬ የዕለቱን የመኪኖች ዝርዝር አወጣሁና ደብዳቤህ መጣ አልኳት። እኔን አትጠብቂ፣ ከእህቴ ጋር ሂጂ፣ ዓይንሽ ሲድን እመጣለሁ ብለሃል ብዬ አነበብኩላት። ወር ሙሉ ለምኛት፣ አልቅሼ፣ ጎረቤት አስለምኜ እምቢ ያለችኝ ሴትዮ በአንተ ሁለት መስመር ሻንጣዋን አስወረደችኝ። ወረቀቱን ስማ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ላገኘችው ሁሉ ልጄ እኮ ያስብልኛል እያለች ነው። በገዛ ውሸቴ ቀናሁ፤ መሳቅ ካማረህ ሳቅ።

አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ፊደል ያስቆጠረችን እሷ ናት፤ ጽሕፈትህን ከሺህ ትለየዋለች። ፋሻው ሲፈታልኝ መጀመሪያ የማነበው የልጄን ደብዳቤ ነው ብላለች። ስትከፍተው ግን የምታገኘው ሁለት የጭነት መኪና፣ አንድ ፒካፕና አንድ የተበላሸ ትራክተር ነው።

ስለዚህ በሞቴ፣ ያንኑ ቃል በእጅህ ጻፍና ይህን ደብዳቤ ለሚያደርስህ የዓሣ መኪና ሾፌር ስጠው፤ ሐኪም ቤት ድረስ ያመጣልኛል። ዓይኗ በፋሻ እንዳለ እለውጠዋለሁ። እመጣለሁ ማለትህንም እንዳትረሳ፤ እንዳታሳፍረኝ።

ባለቤትህን፣ ትልቁን ልጅህን፣ ጥርሷ የወለቀውንም ትንሿን በየተራ ሳምልኝ። ካፒቴኑ ሰላም ብሎሃል። እማዬማ ሰላምታዋ አያልቅምና ራስህ መጥተህ ተቀበላት።

አንድ መስመር ደግሞ ጨምርበት። እህቴ ደክማልሻለች በልልኝ። ሳነብላት እዚያ ላይ አፍሬ ዘለልኩት። ከአንተ ከመጣ ታምነዋለች።

እህትህ
ከጀልባዋ ትኬት መሸጫ ክፍል
ረቡዕ ጠዋት፣ ሚያዝያ 14 ቀን