የጓያ እንፋሎት

መስከረም 28

ጋኖቹን ዛሬም ፈተሽሁ። የጧሪ አልባዎቹ ቤት ጓዳ ያፈሳል፤ የሽምብራው ሽሮ አፉ ላይ ሻግቷል። ገፍፌ ጣልሁ። በየጋኑ ወረቀት በሊጥ ለጠፍሁ፦ «ሽምብራ»፣ «ጓያ፣ ለብቻው አይበላ»። ተቆጣጣሪው ጣሊያን መጥቶ በጣሊያንኛ ካልሆነ አይሆንም አለ፤ ራሱ ጽፎ ለጠፈ። ማስታወሻዬ፣ እዚህ ቤት የእኛን ፊደል እንኳ ከእኔና እዚሁ ከሚጦሩት ሽማግሌ ከአያ ይርጋ በቀር የሚያነብ የለም!

መስከረም 30

ከወጥ ሠሪያችን ከወ/ሮ ላቀች ጋር ተጣላሁ። ጓያ ሲዘወተር እግር ይሰብራል፤ ሦስት እጅ ሽምብራ፣ አንድ እጅ ጓያ ብያለሁ። እሷ የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ባይ ናት። ከቀዘቀዘ ምንም አያደርግም አለች። እናቷ እንዲያ ነው ያስተማረቻት። ሳቅሁባት።

ጥቅምት 2፣ ንጋት

ለመንገድ ሥራ ስሜ ተጠራ። ዶማ ይዘህ ውጣ ተባልሁ። የጓዳውን ቁልፍ ለላቀች ሰጠሁ። ሦስት ለአንድ፣ አደራ አልኋት።

ኅዳር 22

ተመለስሁ። እጄ ቆስሏል፤ ብዕር በቅጡ አይዝልኝም። የጓያው ጋን ከግማሽ ወርዷል። ሽምብራው ብዙም አልተነካ። አያ ይርጋ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ የቁስቋም ቅዳሴ ቀርቶባቸው የማያውቅ፣ በመቀመጫቸው ይሳባሉ። ሌሎች አራትም እንደሳቸው።

ላቀች ምንም አልደበቀችም። ሽምብራው አልቆ ሽማግሎቹ እንዳይራቡ ብላ ቆጥባዋለች። የጓያ ሽሮ በሠራች ቁጥር እንፋሎቱ እንዳይነካቸው አንድ በአንድ ደግፋ ግቢ ታወጣቸው ነበር። እሷ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ታማስላለች። ሲቀዘቅዝ ታበላቸዋለች። እሷም የበላችው ያንኑ ነው፤ ጉልበቴ ከበደኝ ትላለች። ልቆጣት ብዬ አለቀስሁ።

ኅዳር 23

የኮላ ድባ መንገድ ተዘግቷል። እህል አይገባም። ጣሊያኑን ለመንሁት። ጋኖቹ ላይ የለጠፋቸውን ወረቀቶች አየ፣ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ሄደ።

ኅዳር 25

መንገዱ እስኪከፈት ያለው ሽምብራ ለሁሉም አይበቃም። ጓያውን ልደፋው ነበር። አያ ይርጋ ሰምተው አስጠሩኝ። «እግሬስ ሄደ። ምነው ልጄ፣ ሆዴን ታስከትልብኛለህ?»

ቆረጥሁ። ሽምብራው ገና ለሚራመዱት ሰባት። ጓያው ለተሰበሩት አምስት። እንዲህ ብሎ የሚመድብ ሰው ምን ይባላል? እግዜር ይፍረድ።

ለምሳ ተቀመጡ። ላቀች ጉልበቷን ይዛ፣ ጣባዋን አንሥታ፣ ከተሰበሩት ጋር ተቀመጠች። አልከለከልኋትም።