ሰው ሳይሞትብኝ የተለቀሰልኝ ቀን

ልጄ ኦቢያጌሊ፣ ወልደሽ ለመሳም ያበቃሽ አምላክ ጡትሽን በወተት ይሙላልሽ። ሕፃኑስ እንዴት ነው?

ሐኪሙ «የእግርዎ እብጠት ጎድሏል፤ ለንደን ድረስ መብረር ይችላሉ» ሲለኝ እፎይ አልኩ። ለአራስ ሾርባሽ ደረቅ ዓሣውም ቅመሙም ተሰናድቷል። ብቻ ያን ሁሉ ሰዓት አውሮፕላን ላይ መቀመጡ አስፈራኝና ልለማመድ ብዬ፣ ከገበያ ቀርቼ ደጃፌ ወንበር ላይ ዋልኩ። በእኛ በንሱካ ሴት እንዲህ ተጎልታ የምትውለው ሰው ሲሞትባት መሆኑን ረስቼው! ጎረቤታችን የኡጎ እናት «ወይኔ እህቴን! ማን ሞተብሽ?» እያለች እየጮኸች መጣች፤ ሰፈሩም እያለቀሰ ተከተላት። ነገሩን ስነግራቸው «በይ እንባችንን መልሺ!» ብለው ሳቁብኝ።

በሰላም ያገናኘን። ደጅሽ ስደርስ ግን አደራ፣ እንዳታለቅሺ፤ የእኔ ለቅሶ እዚህ ወጥቷል። ሕፃኑን ብቻ አቀብዪኝ።

እናትሽ