የታኅሣሥ ሦስቱ ቃለ ጉባኤ

ወንድምዓለም፣ የቁንዶ ስም ነጻ ወጣ። የመርማሪዎቹ ውሳኔ ትናንት ደረሰን፤ እህታችን የሞተችው በራሷ ጥፋት አይደለም ብለው ጽፈዋል።

ሰላምታ ሳላቀርብ ዘው ማለቴን ይቅር በለኝ፤ መቼም ምላሴን ታውቀዋለህ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ? የእማማስ ዓይን እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ ደህና ነኝ። ከትናንት ጀምሮ እስቃለሁ፤ ስቄ ሳልጨርስ ደግሞ አለቅሳለሁ።

ያዳነን የቃለ ጉባኤ መዝገቤ ነው። በልብስ ማጠቢያው የሠራተኞች ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ ቁንዶ፣ ይቺ ለፍላፊ አፏን ዘግታ ልትጽፍ ነው ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እውነትም መጀመሪያ የሰማሁትን ሁሉ ስጽፍ የሥራ አስኪያጁን ሳል ሳይቀር አስፍሬ ውሳኔው አመለጠኝ። አንብባ ስታበቃ፣ እታለም፣ ማን ምን አለ፣ ሥራው ለማን ተሰጠ፣ እስከ መቼ፤ ይህን ጻፊ፣ የተረፈውን ቤት ስንገባ ለእኔ ታወሪኛለሽ አለችኝ። አሁን የተረፈውን የማወራው ሰው የለኝም።

ዓርብ ታኅሣሥ ሦስት፣ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ቁንዶ ተነስታ የመተኮሻው ማሽን የኤሌክትሪክ ገመድ ተልጧል፣ ወለሉም ሁልጊዜ ውሃ ነው፣ አንድ ቀን ሰው ይገድላል አለች። ሥራ አስኪያጁ አጀንዳ ላይ የለምና አይጻፍ አሉ። የጥገና ኃላፊው ግን ዝም ሊያሰኛት ብሎ በሳምንት ውስጥ እቀይረዋለሁ አለ። ሁሉንም ጻፍኩት። እንደ ልማዳችን ሳንበተን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ሥራ አስኪያጁ ምሳ አስቸኩሏቸው አንድ እግራቸው በር ላይ ሆኖ ፈረሙ። ታኅሣሥ አስር መጣ፣ ሄደ። ታኅሣሥ ሃያ ጠዋት ያው ገመድ ያዛት።

ከዚያማ አለቆቹ በእርጥብ እጇ ነክታ ነው፣ ስለ ገመዱ የነገረን የለም አሉ። እማማም የጎረቤቱን አፍ ፈርታ ከቤት መውጣት ተወች። መዝገቡን ይዤ መርማሪዎቹ ዘንድ ስቀርብ ሥራ አስኪያጁ፣ እህቷ የጻፈችው ምን ይታመናል አሉ። መርማሪዋ ገጹን ወደ እሳቸው አዙራ፣ ይሄ ፊርማስ የማን ነው አለቻቸው።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ቀኑ ሲደርስ መዝገቡን ገልጬ፣ ገመዱስ አላልኩም። ጽፌ ከደንኩት። አሁን ባለፈው የተወሰነው ተሠራ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ስብሰባ አላስጀምርም፤ ለእሷ ግን ምን ያደርግላታል?

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ሚስትህን፣ መንትዮቹን፣ ያንን አኩራፊ አጎታችንንም ሰላም በልልኝ። ውሳኔውን በሠራተኛው ሁሉ ፊት የማነበው እኔ ነኝ፤ ማሽኖቹ በሚቆሙበት ቀን ይሁን ብያለሁ፣ ድምፄ እንዲሰማ። ከዚያ እኔ ቤት ገብተን እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ ስሟንም ቀና ብለን እንጠራለን። እማማ ከፊት ትቀመጥ። ማንም እንዳይቀር፤ እሁድ፣ ግንቦት ዘጠኝ።